ሐዋሳ ላይ ለጂምም ለመንገድም የሚሆን ኖይዝ ካንስሊንግ ማዳመጫ፦ ከብራንዱ በፊት ጎማውን እዩ

በሐዋሳ ሞባይል ቤቶች ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ሁሉ ስሙ «ኤርፖድ» ነው። መስታወቱ ሥር ከተደረደሩት ሳጥኖች በጥቂት ሺህ ብር የሚሸጠውም፣ በአሥር ሺዎች የሚጠየቅበትም «ኖይዝ ካንስሊንግ አለው» ይባልለታል። እውነቱ የሚታወቀው ጆሮ ውስጥ ሲገባ ነው። ስለዚህ ይህን ግምገማ ከብራንድ ስም አንጀምርም፤ ጫፉ ላይ ካለችው ትንሽ የሲሊኮን ጎማ እንጀምራለን። እሷ የጆሮን ቀዳዳ በደንብ ካልደፈነች፣ 299 ዶላር ተብሎ ገበያ የወጣው ሶኒም ቢሆን ቤዙ ይሳሳል፣ የውጭው ጫጫታ ይገባል፣ ገመድ ስትዘሉም ተስፈንጥሮ ይወድቃል።

የኖይዝ ካንስሊንግን፣ ማለትም የውጭ ጫጫታ ማጥፊያውን፣ አሠራር ማወቅ ከብዙ ስህተት ያድናል። ማዳመጫው ላይ ያሉት ጥቃቅን ማይኮች የውጭውን ድምፅ ይቀበላሉ፤ ውስጥ ያለው ቺፕ የዚያኑ ድምፅ ተገላቢጦሽ ሠርቶ በስፒከሩ ይለቀዋል፤ ሁለቱ ጆሮ ውስጥ ሲገናኙ ይጣፋሉ። ይህ በደንብ የሚሠራው ወፍራምና ሳይለዋወጥ ለሚቆይ ድምፅ ነው፦ ለአውቶቡስ ሞተር፣ ለጄነሬተር፣ ለቬንትሌተር፣ ለትሬድሚል ጉርምርምታ። ድንገት ለሚመጣና ለቀጭን ድምፅ ግን ቺፑ አይደርስበትም። የባጃጅ ጡሩምባ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ ጂም ውስጥ ወለል ላይ የሚወረወር ብረት፣ የጎረቤት ወሬ፣ እነዚህን የሚያፍነው ጎማው ነው። ሥራው እንዲህ ስለተከፈለ ጎማው በጎን ካስተነፈሰ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ ቀጭኑ ድምፅ በክፍተቱ ይገባል፣ ቺፑ የሚሠራው ተገላቢጦሽም በዚያው ክፍተት ያመልጣል።

ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቡ። «ኤኤንሲ» እና «ኢኤንሲ» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ኤኤንሲ እስካሁን ያልነው ኖይዝ ካንስሊንግ ነው፤ የሚሠራው ለእናንተ ጆሮ ነው። ኢኤንሲ የስልክ ጥሪ ማይክን ብቻ የሚመለከት ነው፤ ስትደውሉ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የእናንተን ድምፅ ከጫጫታ ለይቶ እንዲሰማ ያግዛል፣ እናንተ ለምትሰሙት ነገር ምንም አይጨምርም። ርካሾቹ ላይ በጉልህ የሚጻፈው ኢኤንሲ ነው፤ ሻጩም ሳያውቅ «ያው ነው» ሊላችሁ ይችላል። ያው አይደለም። «እስከ 50 ዴሲቤል» የሚለው ቁጥርም ብዙ አያታልላችሁ። ያ ቁጥር ማዳመጫው በጣም በሚጎብዝበት በአንድ የድምፅ ክልል የተለካ ነው፤ የአንዱን ኩባንያ ቁጥር ከሌላው ጋር አስተያይቶ መግዛት ትርጉም የለውም።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ሙከራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎማውን በአልኮል አስጠርጉና ሁለቱንም ጆሯችሁ ውስጥ አድርጉ። በተቃራኒው እጃችሁ የጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ማዳመጫውን እያዞራችሁ ካስገባችሁት በደንብ ይቀመጣል። ሙዚቃ አትክፈቱ። ሻጩን ቬንትሌተር እንዲያበራ ጠይቁት፤ መብራት ጠፍቶ በረንዳው ላይ ጄነሬተር ተነሥቶ ከሆነማ ከዚያ የተሻለ መፈተኛ የለም። ኤኤንሲውን አጥፍታችሁ አሥር ሰከንድ አዳምጡ፣ ከዚያ አብሩት። እውነተኛ ከሆነ የጄነሬተሩ ወፍራም ጉርምርምታ ባንዴ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የሻጩ ድምፅ ግን ቀጠን ብሎም ቢሆን ይሰማችኋል። ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ከተጨመረ፣ የተጻፈው ሳጥኑ ላይ ብቻ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ሙዚቃ ክፈቱና አፋችሁን በሰፊው ከፍታችሁ ዝጉ፣ ማስቲካ እንደሚያኝክ ሰው መንጋጋችሁን አንቀሳቅሱ። መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የጆሮ ቀዳዳ ቅርፁን ይለውጣል፤ በዚያ ጊዜ ቤዙ እልም ብሎ ከተመለሰ ጎማው አንሷችኋልና አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ። አሥር ጊዜ ዝለሉ፣ ጎንበስ ብላችሁ ጭንቅላታችሁን ነቅንቁ። ሱቅ ውስጥ መዝለል የሚያሳፍር ቢመስልም ከገዛችሁ በኋላ ግማሹን ጥንድ ሣር ውስጥ ከመፈለግ ይሻላል። የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳ እኩል የማይሆንበት ሰው ብዙ ነው፤ በአንዱ ትንሹን፣ በሌላው መካከለኛውን ጎማ ማድረግ ነውር የለውም። ሻጩ «ሌሎቹ ጎማዎች ጠፍተዋል» ካለ ግን አትግዙ።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ሶኒ ደብሊውኤፍ-1000ኤክስኤም5 (በፈረንጆቹ 2023 የወጣ) ለመንገድና ለቢሮ ከምንመክራቸው ግንባር ቀደሙ ነው። ድምፅ በማጥፋት ጎበዝ ነው፣ ኤኤንሲ በርቶ 8 ሰዓት ይሠራል፣ ለ3 ደቂቃ ቻርጅ ተደርጎ አንድ ሰዓት ያጫውታል። ለስፖርት ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ ገላው አንጸባራቂና ለስላሳ ስለሆነ ላብ የነካው ጣት ያሟልጨዋል፤ ጆሮ ላይ የሚይዝ ክንፍም የለውም። ሁለተኛ አብሮት የሚመጣው ጎማ ሲሊኮን ሳይሆን እንደ ስፖንጅ ያለ ፎም ነው። ፎም በጣት ተጨምቆ ይገባና ጆሮ ውስጥ ቀስ ብሎ ያብጣል፤ አፈናው ድንቅ ነው። ነገር ግን ላብ ይመጥጣል፣ ከወራት በኋላም መተካት አለበት፤ የዚህ መተኪያ ደግሞ ሐዋሳ ላይ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ጂም የሚገባ ሰው ከወሰደው በሲሊኮን ጎማ ይቀይረው።

ኤርፖድስ ፕሮ የአይፎን ሰው ምርጫ ነው። ፕሮ 2 በኤኤንሲ 6 ሰዓት፣ በ2025 የወጣው ፕሮ 3 እስከ 8 ሰዓት ይሠራል፤ ፕሮ 3 የልብ ምትም ይለካል፣ ውኃና አቧራ የመቋቋም ደረጃውም ወደ አይፒ57 ከፍ ብሏል። የውጭ ድምፅ የሚያስገባው ትራንስፓረንሲ ያለ ምንም ማዳመጫ እንደመስማት ይቀርባል፤ በዚህ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። አንድሮይድ ላይ ግን ገንዘባችሁን አታውሉት። ኤኤንሲው ግንዱን በመጫን ይሠራል፣ የጎማ ልክ መፈተኛውና የሶፍትዌር ማሻሻያው ግን የአፕል መሣሪያ ይፈልጋሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በገበያው ላይ ኮፒው የበዛው የዚህ ነው። ክዳኑ ሲከፈት አይፎን ላይ ብቅ የምትለው ሥዕል ማረጋገጫ አይደለችም፤ ኮፒውም ያመጣታል። ሲሪያል ቁጥሩም ከእውነተኛ ዕቃ ላይ ተገልብጦ ይታተማል። የተሻለው መንገድ አይኦኤስ 16 ወይም ከዚያ በላይ ካለው አይፎን ጋር ማገናኘት ነው፤ እውነተኛነቱን ማረጋገጥ ካልቻለ ስልኩ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ያም ሆኖ የጄነሬተሩን ሙከራ አትዝለሉ። እዚያው አሜሪካ በ249 ዶላር የወጣ ዕቃ እዚህ በ3,000 ብር ሊሸጥ እንደማይችል ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

ለሩጫና ለዝላይ ብቻ የሚገዛ ሰው ፓወርቢትስ ፕሮ 2ን ይመልከት። ከጆሮ ጀርባ የሚዞር መንጠቆ አለው፤ ጎማው ትንሽ ቢፈታ እንኳ አይወድቅም። መቆጣጠሪያው በንክኪ ሳይሆን በሚጫን ቁልፍ ነው። ይህ ቀላል አይምሰላችሁ፤ የንክኪ ማዳመጫ የላብ ጠብታ ሲነካው ዘፈን ይዘላል ወይም ያቆማል፣ ቁልፍ ግን ካልተጫነ አይሠራም። ኤኤንሲው ከኤርፖድስ ፕሮ ያንሳል፣ የቻርጅ ሳጥኑም ኪስ ይሞላል። መነጽር የሚያደርግ ሰው መንጠቆው ከመነጽሩ እግር ጋር እንደማይጋፋ ሱቁ ውስጥ ያረጋግጥ። ጃብራ ኢሊት 8 አክቲቭ በጥንካሬው አይፒ68 የደረሰ፣ ለላብ የተሠራ ምርጥ ዕቃ ነበር፤ ኩባንያው በ2024 ይህን የምርት መስመር ማቆሙን ስላስታወቀ የምታገኙት መደርደሪያ ላይ የቆየ ይሆናልና ባትሪው ተፈትኖ ካልሆነ አትውሰዱ። ሳምሰንግ ጋላክሲ በድስ3 ፕሮ ለሳምሰንግ ስልክ ጥሩ ነው፣ በሌላ ስልክ ግን ከፍተኛውን የድምፅ ጥራቱን አይሰጥም።

ለአብዛኛው የሐዋሳ ገዢ የምንመርጠው ግን ሳውንድኮር ሊበርቲ 4 ኤንሲን ነው። ሲወጣ ዋጋው 100 ዶላር አካባቢ ነበር፤ ኤኤንሲ በርቶ 8፣ ጠፍቶ 10 ሰዓት ይሠራል፤ አራት መጠን ያለው የሲሊኮን ጎማ ይዞ ይመጣል፤ ከስልክና ከላፕቶፕ ጋር ባንድ ጊዜ ይገናኛል። ቤዙ ከፋብሪካ ሲወጣ ይበዛል፤ አፑ ላይ ገብታችሁ ቀንሱት። ኤልዳክ የሚባለው የድምፅ አላላክ አለው፤ አይፎን አይቀበለውም፣ አንድሮይድ ላይም ባትሪ ይበላል፣ ሰውና ስልክ በበዛበት ቦታ ይቆራረጣል። ስትሮጡ አጥፉት።

ሰው ከገዛ በኋላ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሳቸው ሁለት ነገሮች ብልሽት አይደሉም። አንደኛው ስትሮጡ ጆሮ ውስጥ የሚሰማው «ዱብ ዱብ» ነው። የእግር ኮቴ በአጥንት በኩል ወደ ጆሮ ይደርሳል፤ ቀዳዳው ክፍት ሲሆን ያ ድምፅ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጎማው ሲደፍነው እዚያው ይታጎራል። ጎማው ይበልጥ በገጠመ ቁጥር ይብሳል። ትራንስፓረንሲ ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ የማይችለው ሰው ለሩጫ ሌላ፣ ቀዳዳ የማይደፍን ማዳመጫ ቢይዝ ይሻለዋል። ሁለተኛው ንፋስ ነው። ከሐይቁ የሚነሣው ንፋስ የውጭ ማይኮቹን ሲመታ ቺፑ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያጠፋው ይሞክርና ጆሮ ላይ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ይፈጥራል። የንፋስ መቀነሻ ካለው አብሩ፣ ከሌለው ኤኤንሲውን አጥፉ።

ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው በኩል ወይም በየትኛውም የከተማው አስፋልት ስትሮጡ ኤኤንሲ አታብሩ። ይህን አጥብቀን ነው የምንለው። ብስክሌት ድምፅ የለውም፣ ባጃጅ ከኋላ መጥቶ ድንገት ይታጠፋል። ትራንስፓረንሲ አድርጉ ወይም አንዱን ብቻ ሰኩ፤ ክፍት የሚሆነው በመንገዱ በኩል ያለው ጆሮ ነው። በግራ ጠርዝ መኪናውን ፊት ለፊት እያያችሁ የምትሮጡ ከሆነ ቀኙን ክፈቱት።

ኤኤንሲው ዋጋውን የሚያወጣው አዲስ አበባ ለመሄድ አውቶቡስ ውስጥ ስትቀመጡ ነው። 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሞተር ጉርምርምታ ሲቀነስላችሁ ድምፁን ሳትጮኹበት ትሰማላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ከዚያ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በፍጥነት ያጥራል። ጂም ውስጥም ከስፒከሩ ጋር ፉክክር አትግጠሙ።

ላብ ገዳዩ ነው። አይፒኤክስ4 ማለት ለሚረጭ ውኃ ተፈትኗል ማለት ነው፤ ኤክሷ ደግሞ ለአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ናት። በብዙዎቹ የቻርጅ ሳጥኑ ከማዳመጫው ያነሰ መከላከያ ነው ያለው። ከስፖርት በኋላ እርጥቡን ማዳመጫ ሳጥኑ ውስጥ መክተት የተለመደው ስህተት ነው፦ የላብ ጨው ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የቻርጅ ነጥቦቹ አረንጓዴ ይሆኑና አንደኛው ቻርጅ መቀበል ያቆማል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሲደርቅ ክተቱ። በሳምንት አንዴ የሲሊኮኑን ጎማ አውልቃችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡትና አድርቃችሁ መልሱት። የቻርጅ ነጥቦቹን ከፋርማሲ በሚገኝ 70 በመቶ አልኮል ትንሽ በራሰ የጆሮ ጥጥ ጠረግ አድርጉ።

«አንዱ ጆሮ ቀነሰ» የሚባለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ኩክ ነው። ጎማውን ስታወልቁ የምትታየው ቀጭን ወንፊት ላይ ቢጫ ሽፋን ካለ ድምፁን የዘጋው እሱ ነው፤ የውስጥ ማይኩም እዚያው አካባቢ ስለሆነ ኤኤንሲውም አብሮ ይደክማል። ወንፊቱ ወደ መሬት እንዲያይ አዘቅዝቃችሁ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ቦርሹት። መርፌ አትጠቀሙ፣ አትንፉበት፣ ወንፊቱ ላይ አልኮል አታድርጉ፤ ኩኩ ቀልጦ ወደ ውስጥ ይገባል። ተጠርጎም ካልተመለሰ ከስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ላይ አጥፉት፣ ሁለቱንም ሳጥኑ ውስጥ አድርጋችሁ መመሪያው እንደሚለው ሪሴት አድርጉና እንደ አዲስ አገናኙት። ከዚያም ካልሠራ በዋስትናው ጊዜ ወደ ገዛችሁበት ሱቅ ውሰዱት፤ ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ እንዲጻፍ ስትገዙ አስጽፉ።