ዙቡንቱ 24.04 ለአውቶሜሽን ቴስት ማሽን፦ ባሕር ዳር ላይ ስንፈትሸው

ኮዱ ሳይነካ ዛሬ ያለፈ አውቶማቲክ ቴስት (ፕሮግራምን ያለ ሰው በራሱ የሚፈትሽ ኮድ) ነገ ከወደቀ፣ ቀድሞ መታየት ያለበት ዴስክቶፑ ነው። ስክሪኑ ተቆልፎ፣ ኖቲፊኬሽን በተኑን ሸፍኖት ወይም ብሮውዘሩ ሌሊት ራሱን አድሶ ይሆናል። ዙቡንቱንም (ቀለል ያለውን የኡቡንቱ ሊኑክስ ዓይነት) የመዘንነው በዚሁ ነው፦ አንዴ ከተዘጋጀ ባለበት ይቆያል ወይ? ይቆያል፤ ግን እንደተጫነ አይደለም።

ትልቁ ብልጫው በኤክስ11 (መስኮቶችን ስክሪን ላይ በሚያሳየው የቆየ ሥርዓት) መሥራቱ ነው። ዋናው ኡቡንቱ ብዙ ጊዜ በአዲሱ ተተኪ በዌይላንድ ስለሚነሳ፣ እንደ ኤክስዱቱል ያሉ ማውስና ኪቦርድ የሚያዝዙ መሣሪያዎች የሌላ ፕሮግራም መስኮት ላይ በአብዛኛው አይሠሩም። እዚህ ያለ ጣጣ ይሠራሉ።

እንደተጫነ ያለ ፓስወርድ እንዲገባ አድርጉት። ስክሪን መቆለፊያው፣ ስክሪንሴቨሩና ስክሪን የሚያጠፋው የኃይል ሴቲንግ ለየብቻ ናቸው፤ ሦስቱንም ዝጉ። ኮምፖዚተሩንም አጥፉ፤ በመስኮት ዙሪያ የሚጨምረው ጥላ የስክሪንሾት ንጽጽርን ያበላሻል። መጠኑ 1920 በ1080፣ ስኬሉ 100% ይሁን። ሞኒተር ካልተሰካ ብዙ ማሽን ወደ 1024 በ768 ስለሚወርድ፣ ቀኝ ጠርዝ ላይ ያለ በተን ከስክሪን ውጭ ይቀራል። መፍትሔው ሞኒተር የሚመስል ባዶ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ነው።

ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ (ፕሮግራሞችን ራሱ በሚያድሰው የኡቡንቱ ማከፋፈያ) ስለሆነ፣ አዲስ እድሳት መኖሩ በቀን 4 ጊዜ ይፈተሻል። አግዱትና ራሳችሁ በመረጣችሁት ቀን አድሱ።

ከሁሉም የሚያደክመው አማርኛው ነው። ኤክስዱቱል ኪቦርዱ ላይ የሌለ ፊደል ሲታዘዝ አንድ ቁልፍ ለጊዜው ወደዚያ ፊደል ለውጦ ይጫናል። ፍጥነቱ ሲበዛ መስኮቱ ለውጡን ሳያውቅ ቁልፉ ይደርሰውና «ጣና ዳር» ተብሎ የታዘዘው «ጣ ዳር» ሆኖ ይጻፋል። ጽሑፉን ኮፒ አድርጎ በኮንትሮል-ቪ መለጠፍ ይሻላል። ሴሌኒየም (ብሮውዘርን በኮድ የሚያዝዝ መሣሪያ) ለብሮውዘሩ በቀጥታ ስለሚልክ ይህ አይነካውም፤ ሰው በአማርኛ ኪቦርድ ሲተይብ የሚሆነውን ግን አይፈትንም። በሁሉም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት የግዕዝ ፎንት ጫኑ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይበቃል። ፎንቱ ሲለያይ የቃሉ ስፋት ይለያያል፣ መስመሩም ሌላ ቦታ ይሰበራል። ደግሞ «ባሕር ዳር» የሚጠብቅ ቴስት «ባህር ዳር» ሲያገኝ ይወድቃል፤ ለኮምፒውተር ሐ እና ሀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሎጉን (የቴስቱን ውጤት መዝገብ) የሚያነብ ሰው ዓይን ግን በቀላሉ ያልፈዋል።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ መብራት ሄድ መለስ ሲል ዩፒኤስ (ማሽኑን ለጊዜው በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ብቻውን አያድንም። በዩኤስቢ ከማሽኑ ጋር አያይዙት፣ ባትሪው ሲዳከም ማሽኑ በሥርዓት እንዲዘጋ አዝዙ፣ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም) ላይም ኃይል ሲመለስ እንዲነሳ አድርጉ። እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ማሽኑ ከተዘጋ በኋላ ዩፒኤሱ ሳይጠፋ መብራት ከመጣ፣ ለማሽኑ ኃይል ስላልተቋረጠበት እንደጠፋ ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑ ሲዘጋ ዩፒኤሱም መውጫውን እንዲቆርጥ መታዘዝ አለበት። ራውተሩ ዘግይቶ ስለሚነሳም ቴስቱ ኔትወርኩ መኖሩን አረጋግጦ ይጀምር፤ ለየሩጫውም አዲስ የብሮውዘር ፕሮፋይል ይከፈት፣ በድንገት የጠፋ ብሮውዘር የተቆለፈ ፕሮፋይል ትቶ ሊሄድ ይችላልና።

ሰዓት ስትሞሉም ተጠንቀቁ። ክሮን (ሥራን በተባለው ሰዓት የሚያስነሳው፣ በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥረው ፕሮግራም) ላይ 8 ብላችሁ ብትጽፉ ቴስቱ የሚነሳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሳይሆን ሰው ሥራ ሲገባ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ለሌሊቱ 8 የሚጻፈው 2 ነው።

ለአንድ ብሮውዘርና ለሴሌኒየም 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል። ጉድለቱ የድጋፍ ዘመኑ ነው፦ የዋናው ኡቡንቱ 5 ዓመት ሲሆን የዙቡንቱ 3 ብቻ ነው፣ ኤፕሪል 2027 እ.ኤ.አ. ያበቃል። ብዙ ማሽን የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ቀን ከወዲሁ ይያዘው።