ማማናታሊ፦ የደማችብኝ «አራስ»
ሐረር ነርሲንግ እየተማርኩ ነው። ሰሞኑን የድህረ ወሊድ ልምምድ በማማናታሊ፣ ማለትም ሰው ታጥቆት ወላድ መስሎ በሚተውንበት የወሊድ መለማመጃ ሞዴል ሠራን። አስተማሪያችን ሆዷ ላይ ታጥቃው አልጋ ላይ ተጋደመች። «ሲስተር፣ ራሴን አዞረኝ» ስትለኝ ሳቄ መጣ። ወዲያው እንደ ደም የሚፈሰው ቀዩ ውኃ አንሶላውን አራሰው። ሳቄም ጠፋ። ማህፀኑን ስዳስሰው ልፍስፍስ ብሏል። ማሸት ጀመርኩ፤ ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ «ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት» ማለት ግን ጠፋብኝ። በዓይኔ ትንሽ የመሰለኝ ደም ሲለካ ከ500 ሚሊ ሊትር አልፏል! እያሸሁት ሲጠነክር ግን እጅ ላይ ይታወቃል፤ ይሄን ደብተሬ አልነገረኝም።

ቅር ያለኝ? ለሁላችንም ያለችው ማማናታሊ አንድ ብቻ ናት፤ ተራዬ 10 ደቂቃ አልሞላም። ደግሞ የኛ አገር አራስ ብቻዋን አትተኛም። እናቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ ገንፎ ይዘው ይከቧታል። እነሱን «እስቲ ትንሽ ዞር በሉልኝ» ማለትን ማን ያለማምደኝ?