ጅቡቲ ሄዳችሁ ታጁራን ሳትሻገሩ አትመለሱ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከቁልቢ ንግሥ መልስ፣ ከአጎቴ ጋር ስድስት ቀን ጅቡቲ ከርመን መጣን። አጎቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። የድሮው ሐዲድ በሚሠራበት ዘመን ከድሬ ዳዋ ጅቡቲ ሠላሳ ዓመት ተመላልሷል፤ ፈረንሳይኛውንም የለመደው እዚያው ሥራው ላይ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሲመላለስ ግን ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ከማዶ ያለችውን የታጁራን ከተማ አይቶ አያውቅም። ለምን ስለው፣ «ሥራ ነዋ! ትጭኛለሽ፣ ታራግፊያለሽ፣ ትመለሻለሽ» አለኝ። የኛ ሰፈር ሰውም ያው ነው። ጅቡቲ ይሄዳል፣ ሽቶና ልብስ ይገዛል፣ ባሕሩን ከዳር ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ በማግሥቱ ይመለሳል። ይህን የምጽፈው እንደዚያ ለሚመለሱት ነው። የጅቡቲ ደስ የሚለው ነገር ከከተማው ማዶ ነው ያለው።

ስለ ባቡሩ ብዙ አልልም። አዲሱ ጣቢያ ከድሬ ከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ በጊዜ መነሣት ያስፈልጋል። ወንበሩ ደህና፣ ውስጡ ንጹሕ ነበር። በመስኮት በኩል ያለው ሜዳና ድንጋይ ለረጅም ሰዓት አይለወጥም። አዲጋላ ስንደርስ ግን አጎቴ ቀሰቀሰኝ። የጅቡቲ ከተማ ሰው ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ ከዚያ አካባቢ ከመሬት ወጥቶ በቧንቧ የሚሄድ ነው። «ውኃችንን ተከትለን ነው የምንወርደው» አለኝ። ድንበሩ ደወሌ ላይ ነው፤ ፓስፖርትና ቪዛ ቀድማችሁ ጨርሱ። የጅቡቲው ጣቢያ ነጋድ ደግሞ ከከተማ ውጭ፣ አየር ማረፊያው አካባቢ ስለሆነ የታክሲ ገንዘብ በእጃችሁ ይኑር። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ ስለሚመነዘር ሒሳቡ አያደናግርም።

ከተማው ውስጥ ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ አሳዝኖኛል። ኤሲ አለው ተብለን የከፈልንበት ክፍል፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ኤሲው ተዘጋ። ጧት ስንጠይቅ የሌሊቱ ለብቻው ይከፈላል አሉን። አጎቴ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ላቡን ሲጠርግ አደረ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኤሲው እስከ ንጋት ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። በዚህ ጉዳይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ዓሣው ግን ሁሉንም አስረሳኝ። የየመን ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ገባን። በር ላይ መሬት ውስጥ የተቀበረ የሸክላ ምድጃ አለ፤ አፉ የእንስራ አፍ ይመስላል፣ ከውስጡ ነበልባሉ ይታያል። ሰውየው ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፍተዋል፣ ቀይ በርበሬ ይቀባዋል፣ በረጅም ብረት ሰክቶ ወደ እሳቱ ይሰደዋል። ቂጣውንም እዚያው ግድግዳው ላይ በመዳፉ ይለጥፈዋል። ሲወጣ ቆዳው ጠቁሮ ይንጣጣል፣ ውስጡ ነጭ፣ እርጥብ። በጋዜጣ ላይ አድርገው ነው የሚያቀርቡት። ከጎኑ ቂጣ ከሙዝና ከማር ጋር ታሽቶ ይመጣል፤ በርበሬው ሲያቃጥል እሱን ጎረስ ማድረግ ነው። አስተናጋጁ ወሬያችንን ሰምቶ «ከድሬ ናችሁ?» አለን፣ በአማርኛ። ጅቡቲ ውስጥ አማርኛ ብርቅ አይደለም።

ወደ ታጁራ ሰውና መኪና አብሮ በሚጭን መርከብ ሄድን፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። መርከቡ በየቀኑ እንደልብ ስለማይገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የታጁራ ቤቶች ነጭ ናቸው፤ ሚናሬቶቹን ከባሕሩ ላይ ሆነን ቆጠርናቸው። ከከተማዋ ጀርባ የጎዳ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። የአፋር ሱልጣኖች ከተማ ናት። ሐረር ያለውን የገጣሚውን የራምቦን ቤት ያየ ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለዋል፦ ያ ፈረንሳዊ ለምኒልክ የጦር መሣሪያ ይዞ ሊሄድ ቅፍለቱ እስኪነሣ ድረስ ከ1885 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የጠበቀው እዚህ ታጁራ ነው። ጧት ባሕር ዳር ከልጆች በስተቀር ሰው የለም። ውኃው ከእግር ሥር ጀምሮ የጠራ ነው፤ አጎቴ ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ገባና ብዙ ሳይናገር ቆመ።

ከዚያ በላንድክሩዘር ጎዳ ተራራ ላይ ወዳለው የዳይ ጫካ ወጣን። መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ ወገብ የሚያምመው ሰው ቢያስብበት ይሻላል። በአንድ ቀን ከባሕር ጠርዝ ወደ 1500 ሜትር ገደማ መውጣት ማለት ነው። ታች በሸሚዝ ያላበን ሰዎች ማታ ጋቢ ስንሻማ አደርን። ያረፍነው የአካባቢው አፋሮች በሚያስተዳድሩት ካምፕ፣ በሰሌን ጎጆ ውስጥ ነው። አልጋው ጠፍር፣ መብራቱ ፋኖስ፣ እራቱ የፍየል ሥጋ በሩዝ። ንጽሕናውና መስተንግዶው ከከተማው ማረፊያ በእጥፍ ይበልጣል፤ ሻይ ስጠይቅ ሦስት ጊዜ አመጡልኝ።

ጧት መንገድ መሪው ልጅ ጫካውን አሳየን። የሀበሻ ጥድ ነው! የቁልቢ ተራራ ላይ የማውቀው ጥድ፣ ከባሕሩ በላይ ቆሞ። ግን አብዛኛው ደርቋል። ግንዱ አመድ መስሎ፣ ቅርፊቱ በረጅሙ ተልጦ፣ ቅርንጫፉ እንደ አጥንት ወጥቶ እንደቆመ ነው። አጎቴ ከወደቀው አንዱን በጥፍሩ ፍቆ አስሸተተኝ፤ ልክ እርሳስ ሲቀረጽ የሚሸተው ነው። ልጁ በፈረንሳይኛ የሚለውን አጎቴ ይተረጉምልኛል። በአያቱ ዘመን ከዚህ ሥር ሰማይ አይታይም ነበር አለ። አሁን ዝናቡ ሳሳ፣ ማገዶው ተቆረጠ፣ ቡቃያው ቀና ሲል ፍየሉና ከብቱ ይበላዋል። አንድ ቦታ ላይ ጉልበቴን የማታክል ለጋ ጥድ አየሁ፤ ሰው በእሾህ አጥሯታል። አጎቴ ጎንበስ ብሎ የተከፈተችውን የአጥሩን ጥግ በእሾህ ዘጋት።

እዚህ ጫካ ውስጥ በዓለም ላይ በዚህና በአጠገቡ ባለው በማብላ ተራራ ብቻ የምትገኝ ቆቅ አለች። ለእሷ ብለው ከአውሮፓ ድረስ የሚመጡ አሉ።

መሄድ ያለባችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ክረምት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ታች መቆምም አይቻልም። መኪናውን ታጁራ ስትደርሱ ሳይሆን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ዋጋውም መመለሻን ይጨምር እንደሆነ ይለይ። ለዳይ ደግሞ ሁለት ሌሊት ያዙ። እኛ አንድ ሌሊት ብቻ ስላደርን ቆቋን ጎሕ ሲቀድ በጆሯችን ሰምተናት፣ በዓይናችን ሳናያት ወረድን።