አራተኛ ፎቅ ላይ ለቅሶ፦ የሰፈራችን እድር እንዴት ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ልትገቡ ያሰባችሁ ሰዎች ስለ ውሃው፣ ስለ ታክሲው፣ ስለ ኪራዩ ትጠይቃላችሁ። ስለ እድር የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙም አልገጠመኝም። እኔም ስገባ አልጠየቅኩም። ጎረቤት ተመዝገብ ሲለኝ ተመዘገብኩ፣ በየወሩ ከፈልኩ፣ በቃ። ባለፈው ክረምት አያቴ እኛ ቤት ሲያርፉ ነው ምን እንደከፈልኩበት የገባኝ።

ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእድሩ ጸሐፊ ደወልኩ። ሊነጋጋ ሲል ድንኳኑ በሁለቱ ብሎኮች መሃል ተተክሏል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተጥዷል። ይህን የትኛውም እድር ያደርገው ይሆናል። እኔን የነካኝ ሌላ ነው። ሳጥኑን ወደ ላይ አላወጡትም። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ጠባብ ስለሆነ ሳጥን እንደማያዞር ከዚህ በፊት በደረሰ ለቅሶ አይተዋል፤ ስለዚህ ጎረምሶቹ አያቴን በቃሬዛ፣ ቀስ ብለው፣ አንዱ ከፊት ወደ ኋላ እየተራመደ አወረዷቸውና ሳጥኑ ምድር ቤት ጠበቃቸው። እናቴ ሳጥኑ ደረጃ ላይ ሲንገላታ ሳታይ ቀረች። ዛሬም እግዜር ይስጣቸው እላለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ ማለትም የሰውን አኗኗርና ባህል የሚያጠናውን ትምህርት ነው። ትምህርቱ ምን ሥራ ላይ ይውላል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አሁን የማወራው ስለዚህ እድር ነው። ለሰው አንድ ነገር ከማዘጋጀትህ በፊት ሄደህ አኗኗሩን እይ፣ አብረኸው ቁጭ በል፣ ጠይቀው ነው ነገሩ። መሥራቾቹ ደንቡን ከመጻፋቸው በፊት በየብሎኩ ቡና እየጠጡ ሰዉን ጠይቀዋል። እዚህ ያለነው በዕጣ የተሰባሰብን ነን፤ አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከመርካቶ፣ አንዱ ከአራት ኪሎ ነው የመጣው፣ ሁሉም የለመደው ለቅሶ አለው። ከዚያ ጥያቄ የወጣውን ዕቃ ቤት ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የጾምና የፍስክ ድስት ለየብቻ ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዕቃም የራሱ መደርደሪያ አለው። የእነሱ ቀብር ስለማይቆይ መጀመሪያ የሚጠራው መኪናው ነው፣ ድንኳኑ ኋላ ይደርሳል። ጥሩንባ ደግሞ የለም። መጀመሪያ በቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ሞክረው ነበር፣ ትልልቅ እናቶች ለቅሶ እያመለጣቸው አዘኑ፤ አሁን በየመውጫ ደረጃው በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው ተመድቧል።

እድር እንዲህ ራሱን ሲቀይር የመጀመሪያው አይደለም። እንደ አሉላ ፓንክረስት ያሉ አንትሮፖሎጂስቶች ይህን ጉዳይ በሰፊው ጽፈውበታል። ኤችአይቪ በከፋበት ጊዜ የአዲስ አበባ እድሮች ቀብር በዝቶባቸው ካዝናቸው ሲመናመን፣ ብዙዎቹ ሰው እስኪሞት መጠበቁን ትተው ሕመምተኛ ወደ መንከባከብና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ገቡ።

ኮሙናሉን በተመለከተ ግን ቅር ብሎኛል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሲጀመር ኮሙናል የሚባለው ቤት ከዲዛይኑ የገባው በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ቦታ እንዲኖረን ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ አንድ ሰው ኑሯችንን አይቶ አስቦበታል። የእኛ ግን ለመጋዘን ተከራይቷል፣ ሴቶቹ ዝናብ ላይ ሸራ ወጥረው ወጥ ሠሩ።

ትልቁ ቅሬታዬ ደግሞ ራሱ እድሩ ላይ ነው። ተከራይ አባል መሆን አይችልም። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ተከራይ በስድስት ወር ይለቃል፣ ነባሩ አባል ለረጅም ጊዜ የከፈለው ገንዘብ ለሚሄድ ሰው ይወጣል ብለው ይፈራሉ። ግን ብሎካችንን ቁጠሩት፣ ከግማሽ በላዩ ተከራይ ነው። ከእኛ በታች ያለችው እህት ተከራይ ናት፣ ማታ ማታ ፋብሪካ ትሠራለች። ሦስቱንም ቀን ከሥራ መልስ ሳትተኛ ለለቅሶተኛ ቡና ያፈላችው እሷ ነች። ነገ እሷ ላይ ሐዘን ቢደርስ ድንኳኑ አይወጣላትም። በየብሎኩ ዞሮ የጠየቀ ኮሚቴ ይህን እንዴት ሳይጠይቅ ቀረ? ባለቤቶቹን ብቻ ስለጠየቀ ነው።

ለተከራይ ወርሃዊው ትንሽ ከፍ ይበል፣ ወይም ሐዘን ሲደርስ የሚሰጠው ሙሉ ገንዘብ ቀርቶ ድንኳኑና ዕቃው ብቻ ይሰጠው። ሲለቅ ደግሞ የከፈለበትን ወረቀት ይዞ ለአዲሱ ሰፈር እድር ያሳይ። ይህን ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ፣ በቀና ፊት ተቀብለውኛል፣ መስከረም ላይ ለጠቅላላ ጉባኤ እናቀርበዋለን ብለዋል። የቤት ባለቤት ሆናችሁ ልትመዘገቡ የምታስቡ ካላችሁ አሁኑኑ ተመዝገቡ፣ አገልግሎቱ ከልብ ነው። አባል የሆናችሁ ደግሞ መስከረም ላይ እንዳትቀሩ፣ እጃችሁን አውጥታችሁ ስትቆጠሩ ማየት እፈልጋለሁ።