ውሃ በመጣ ቁጥር የሚጠፋው ኢንተርኔቴና የገላገለኝ ልጅ

ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። ስሙን ግን አልጠራም፣ ስልኩንም አልለጥፍም። ራሱ ነው የለመነኝ፦ «እህቴ፣ ቁጥሬን ከለጠፍሽው እንቅልፍ የለኝም»። ሰሚት፣ ጎሮና አያት አካባቢ ያላችሁ፣ የቤት ኢንተርኔት ያንገሸገሻችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሚፈልገው እሰጣለሁ።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ 4ኛ ፎቅ። ቤቴ ተቀምጬ ውጭ ላሉ ደንበኞች ሒሳብ እሠራለሁ። ኢንተርኔት ከሌለ እንጀራ የለም። ስለዚህ ፋይበር፣ ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣው ቀጭን ገመድ፣ ወደ ግቢያችን ሲመጣ ከሁሉም ቀድሜ ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ጥቂት ወር ደስ ብሎኝ ሠራሁ። መስከረም ላይ መቆራረጥ ጀመረ።

መቆራረጡ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት ይሠራል፣ ረፋድ ላይ ድርግም ይላል። ሞደሙ ላይ ቀይዋ መብራት ትበራለች። ከሰዓት በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ ይመጣል። ስብሰባ መሃል ላይ አፌን እንደከፈትኩ ስክሪኑ ላይ ደርቄ ቀርቼ አውቃለሁ። አንዷ ደንበኛዬ ያንን ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። እስካሁን አላጠፋሁትም።

ኢንተርኔቱን ወዳስገባልኝ ድርጅት መደወል ጀመርኩ። ሙዚቃውን ሰምቼ ስጨርስ አንዱ ያነሳል። «ሞደሙን አጥፍተው ያብሩት።» አጠፋሁ፣ አበራሁ። «አሁንስ?» አሁንም ቀይ። «እሺ፣ ተመዝግቧል፤ ባለሙያ ይደውልልዎታል።» በማግስቱ ባለሙያው ሳይደውል መልእክት ይገባል፦ ውድ ደንበኛችን፣ ያመለከቱት ብልሽት ተስተካክሏል። ማን አስተካከለው? መቼ? ደግሜ ስደውል አዲስ ሰው፣ አዲስ የአቤቱታ ቁጥር፣ ታሪኩ እንደገና ከሀ። እስከ ጥር ድረስ 11 ጊዜ ደውያለሁ። የሒሳብ ሰው ነኝና ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። መስከረም ላይ «ዝናቡ ነው» ተባልኩ። ጥር ላይ ዝናብ ሲጠፋ «ጭነት ነው» ሆነ።

ባለሙያ ጭራሽ አልመጣም ብል እዋሻለሁ። ሁለት ጊዜ መጥተዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ ሐሙስ ቀን። ሐሙስ ደግሞ የኔ ኢንተርኔት ጤነኛ ነው። «ይሠራል እኮ!» ብለው አስፈርመውኝ ሄዱ። ሁለተኛው ሞደሙን ቀየረልኝ። አዲሱም ሞደም ቅዳሜ ሲደርስ ቀይ አበራ።

አንድ ማታ ደብተሬን ሳገላብጥ ነው የገባኝ። ማክሰኞ፣ ቅዳሜ፣ ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ቅዳሜ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣውም ማክሰኞና ቅዳሜ። በ10ኛው ጥሪ ይህንን ስናገር ያነሳችው ልጅ ሳቋን ስትውጥ ሰማኋት። «ውሃና ኢንተርኔት እኮ አይገናኙም» አለችኝ። አልፈርድባትም። ባለቤቴም ስነግረው ሻይ ትን ብሎታል።

ልጁን ያገናኘኝ የሕንጻችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነው። ከዚህ በፊት የመስመር ዝርጋታ ላይ ሠርቷል፤ አሁን በግሉ ነው። ስደውልለት የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?» የሚል ነበር። እያፈርኩ «ውሃ ሲመጣ» አልኩት። አልሳቀም። ትንሽ ዝም አለና፣ «በቃ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሲጠፋ እንዳትነካኪው፣ ደውይልኝ» አለኝ።

ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ መጣ። 40 ደቂቃ ዘግይቷል፣ ግን ቀድሞ ደውሎ ነግሮኛል። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ከሞደሙ ጀርባ ፋይበሩን ነቀለና በእጁ የያዛት ትንሽ መለኪያ ላይ ሰካው፤ ፓወር ሜትር ይሉታል። ከዜሮ በታች 29 ዲቢኤም አለ። ለኔ ምንም ትርጉም አልነበረውም። ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። በፋይበሩ የሚመጣው ብርሃን ነው፣ ግን ዓይን የማያየው ብርሃን። ዲቢኤም የብርሃኑ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር በጨመረ መጠን ብርሃኑ ደክሟል ማለት ነው። ከዜሮ በታች ከ15 እስከ 25 ድረስ ከሆነ ደህና ነው። 27ን ካለፈ ሞደሙ ብርሃኑን ማንበብ ያቅተውና ቀይዋን ያበራል። ቁጥሩ በ3 በወረደ ቁጥር ደግሞ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል። «የተነቀለውን ጫፍ ወደ ዓይንሽ እንዳታስጠጊው» ብሎም ተቆጣኝ። እኔ ለካ ልክ ያንን እያደረግኩ ነበር።

ከዚያ ከቦርሳው እስክሪብቶ የምታክል ቀይ ሌዘር አወጣ። ከፋይበሩ ጫፍ ጋር አጋጠማትና «ደረጃውን እንውረድ» አለ። ነጩ ገመድ ከቤቴ ወጥቶ የኮሪደሩን የብረት አጥር ይዞ ነው የሚወርደው። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። 3ኛ ፎቅ ላይ ቆመ። በመዳፉ ፀሐዩን ከለለና «ነይ እዪ» አለኝ። በነጩ ሽፋን ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ ፍም መስላ ትታያለች። ብርሃኔ እዚያች ጋ ነበር የሚፈሰው። ከጎኑ ደግሞ ውሃው ጠብ ጠብ የሚል ጋቢ ተሰጥቷል።

የ3ኛ ፎቋ እማማ የልብስ ማስጫ ገመዳቸውን ያሰሩት የኔ ፋይበር በታሰረበት ሚስማር ላይ ነው። ባዶውን ሲሆን ምንም አይል። ውሃ ሲመጣ ግን እማማ ያጥባሉ። የእርጥብ ጋቢን ክብደት ጨምቆ ያሰጣ ያውቀዋል። ማስጫው ሲወጠር ፋይበሩን ሚስማሩ ላይ ስብር አድርጎ ያጥፈዋል። ፋይበር ውስጡ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር መስታወት ነው። ሰፋ አድርገው ቢያጎብጡት ይችላል፤ ጥብቅ ብሎ ሲታጠፍ ግን ብርሃኑ በጎን ያመልጣል። ጋቢው ደርቆ ሲነሳ ገመዱ ይላላል፣ ኢንተርኔቴ ይመለሳል። ከሰዓት ለምን እንደሚመጣ፣ ሐሙስ ለምን ጤነኛ እንደሚሆን፣ ሁሉም ደረጃው ላይ ቆሜ ተገለጠልኝ።

«እማማ፣ ጋቢውን ለአንድ ደቂቃ ላንሳው?» አላቸው። «ምን አረገህ ልጄ?» እያሉ አነሱለት። ሮጠን ወጣን፣ ለካው። ከዜሮ በታች 20። የ9 ልዩነት ማለት ስምንት እጥፍ ብርሃን ነው። አንድ ጋቢ! አራት ወር!

እማማ ነገሩ ሲገባቸው ደነገጡ። «የልጄን እንጀራ የዘጋሁት እኔ ነኝ?» ብለው ደረታቸውን መቱ። ከየት ያውቁታል? ገመዱን መጀመሪያ እዚያ ሚስማር ላይ ጠምዝዞ ያሰረው ማን ሆነና! ልጁ አጽናናቸውና ግድግዳው ላይ በድሪል በስቶ ለማስጫቸው የራሱ ሁለት መንጠቆ ገጠመላቸው። የኔን ፋይበር ከሚስማሩ ፈትቶ፣ መታጠፊያውን ሰፋ አድርጎ፣ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከተተው። ታች ያለውን የድርጅቱን ሳጥን ግን በጣቱ አልነካም። «እሱ የነሱ ነው። ከነካሁት ነገ ጥፋቱን ሁሉ ባንቺ ያላክካሉ» አለኝ።

ከመሄዱ በፊት አንድ የጠቀመኝ ነገር አሳየኝ። የብርሃኑን ቁጥር ለማየት መለኪያ አያስፈልግም፤ ብዙ የፋይበር ሞደም በራሱ ገጽ ላይ ያሳያል። በብሮውዘር ገብቶ የት እንዳለ ጠቆመኝ። «ሌላ ቀን ከተበላሸ ቀይ በራ አትበያቸው። ቁጥሩን ንገሪያቸው፣ ፎቶውን ያዢ።» ሞደሙንም ከቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ሰቀለልኝ። መኝታ ቤት ዋይፋይ አይደርስም እያልኩ አማርር ነበር፤ ያ በዚሁ አለቀ።

የጠየቀኝ 700 ብር ነው፣ መንጠቆውም ቱቦውም ጭምር። 1000 ብሰጠው 300ውን መለሰልኝ። እማማ ያፈሉት ቡና ላይ ግን አልተግደረደረም፤ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ ጠጣ። ለምትደውሉለት አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ችግሩ ከሳጥኑ ወዲያ ከሆነ «ይህ የኔ ሥራ አይደለም» ብሎ በግልጽ ይነግራችኋል፣ በከንቱም አያስከፍላችሁም። ሲያነሳላችሁ የሚጠፋበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ጠብቁት። ደብተሬን ገጽ በገጽ ነው ያነበበው።

ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነኝ፣ አንድም ቀን ቀይ አላየሁም። እማማ ግን አሁንም አላመኑም። ያለፈው ቅዳሜ ውሃ እንደመጣ ከታች ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ልጄ! ጋቢ ላሰጣ ነው፣ እዪው እስቲ!»

ሞደሙን አየሁት። አረንጓዴ።

«ያስጡት እማማ!»