የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎችን ለመከላከል ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት፦ የአንድ ተመራቂ ግምገማ

በጉምሩክ የጭነት ፍተሻ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ሥራዬን ሳልለቅ በርቀት ስከታተለው የቆየሁትን የሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት በቅርቡ አጠናቅቄአለሁ። ትምህርቱ የተዘጋጀው የኒውክሌር፣ የኬሚካል፣ የባዮሎጂና የራዲዮሎጂ መሣሪያዎች እንዳይስፋፉ፣ በአጥፊዎች እጅ እንዳይገቡና ጥቅም ላይ ከዋሉም ጉዳታቸው እንዲቀንስ በየመሥሪያ ቤታቸው ለሚደክሙ ባለሙያዎች ነው። የተቋሙን ስም የማልጠቅሰው፣ ይህን የምጽፈው አንድን ትምህርት ቤት ለማስተዋወቅ ወይም ለመክሰስ ስላልሆነ ነው። ፍላጎቴ እንዲህ ያለውን ትምህርት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን እንደሚጠብቀው እንዲያውቅ ነው።

በክፍላችን አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበርን። ከመካከላችን የሬአክተር መሐንዲስ፣ የወረርሽኝ ሐኪም፣ በጦር ሠራዊት የኬሚካል መከላከያ ክፍል ያገለገለ መኮንን፣ ሕግ አርቃቂ፣ የባንክ ገንዘብ ዝውውር ተቆጣጣሪና የመረጃ ተንታኝ ይገኙበታል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ያስቸገረን የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን እርስ በርስ መግባባት ነበር። «ማስረጃ» የሚለውን አንድ ቃል ብንወስድ፣ ለሕግ ባለሙያዋ ፍርድ ቤት የሚቀበለው ነገር ነው፤ ለሐኪሙ ከቤተ ሙከራ የሚመጣ ውጤት ነው፤ ለመረጃ ተንታኙ ከሌሎች ፍንጮች ጋር ተደምሮ የሚመዘን ግምት ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከጭነቱ ጋር የማይጣጣም ወረቀት ነበር። መምህራኑ ይህን ልዩነት ሊያድበሰብሱት አልሞከሩም። ሁለቱን ዓመት ሙሉ በየኮርሱ እየተመላለሱ የያዝነው ማስረጃ ምን ያህል ድምዳሜ ሊሸከም እንደሚችል ይጠይቁን ነበር። ለእኔ የትምህርቱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ በኋላ የማነሣቸው ጉድለቶችም ይህን አስተያየቴን አልለወጡትም።

ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ልምምድ የስቨርድሎቭስክ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1979 በዚያች የሶቪየት ከተማ የአባ ሰንጋ በሽታ ተነሥቶ ቢያንስ 66 ሰዎች ሞቱ፤ መንግሥትም ምክንያቱ የተበከለ ሥጋ ነው በሚለው ቃሉ ለዓመታት ጸና። መምህርታችን መልሱን ሳትነግረን የከተማዋን ካርታ፣ ታማሚዎቹ ከመታመማቸው በፊት ቀን ቀን የት ይውሉ እንደነበር የሚያሳይ ዝርዝርና የነፋስ አቅጣጫ መዝገብ ላከችልን። ካርታውን አትሜ በጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ዝርዝሩን እያየሁ በእርሳስ ነጥብ ማስቀመጥ ጀመርሁ። ወደ ሃያ የሚሆኑ ነጥቦች እስኪሞሉ ድረስ ምንም ቅርጽ አልታየኝም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ነጥቦቹ ከአንድ የጦር ሠፈር ተነሥተው ወደ ደቡብ በጠባብ ሰንበር ሲዘረጉ ዓይኔ እያየ ማመን አቃተኝ። ከከተማዋ ውጭ በጎችና ከብቶች የሞቱባቸው መንደሮች ሲጨመሩ ደግሞ እነሱም በዚያው መሥመር ላይ፣ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ተሰደሩ። ኤፕሪል 2 ቀን ነፋሱ የነፈሰው ወደዚያው ወደ ደቡብ ነበር። አሜሪካዊው የባዮሎጂ ሳይንቲስት ማቲው ሜሰልሰንና ባልደረቦቹ ስለዚህ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት ጥናት የቆመው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ የሟቾችን ቤተሰቦች እየዞሩ ጠየቁ፤ የመቃብር ድንጋዮችን አነበቡ፤ በከተማዋ የነበሩ ሁለት የአስከሬን መርማሪ ሐኪሞች ጠብቀው ያቆዩአቸውን ናሙናዎችም መረመሩ። ናሙናዎቹ በሽታው የገባው ከምግብ ጋር ሳይሆን ከአየር ጋር መሆኑን ያመለክታሉ። ሁላችንም መልሱን አገኘን ብለን ስንረካ፣ መምህርታችን ይህ መሥመር የማይነግረንን ነገር እንድንጽፍ አዘዘችን። መሥመሩ ከየት እንደተነሣ ይነግረናል፤ ለምን እንደተለቀቀ፣ በውስጥ ምን ይሠራ እንደነበርና ማን ያውቅ እንደነበር ግን አይነግረንም። ያን ዕለት የጻፍነው ሁለተኛ ገጽ ከመጀመሪያው ይልቅ አስተምሮናል።

የዚህ ተቃራኒ ሆኖ የቀረበልን ኢራቅ የገዛቻቸው የአሉሚኒየም ቱቦዎች ጉዳይ ነው። 81 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቱቦዎች ለሴንትሪፉጅ፣ ማለትም በከፍተኛ ፍጥነት እየተሽከረከረ ዩራኒየም ለሚያበለጽግ መሣሪያ፣ የታሰቡ ናቸው የሚለው የአሜሪካ መንግሥት ግምት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 በጸጥታው ምክር ቤት ፊት ሳይቀር ቀርቧል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ቱቦዎቹ አገሪቱ ቀደም ሲል ከነበሯት ሮኬቶች መጠን ጋር እንደሚገጥሙ አስቀድመው ተናግረው፣ ተቃውሟቸውም በጽሑፍ ተመዝግቦ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላም እነሱ ትክክል ሆነው ተገኙ። በልምምዱ ላይ ለእኔ የደረሰኝ የተሳሳተውን ወገን ሪፖርት መጻፍ ነበር። አሳማኝ አድርጎ ለመጻፍ የፈጀብኝ አንድ ምሽት ብቻ ነው። አንድም ሐሰት አልጨመርሁበትም፤ የሚያጠራጥረውን ወደ ግርጌ ማስታወሻ አውርጄ የሚያጠናክረውን ወደ መጀመሪያው አንቀጽ ማውጣት ብቻ በቃ። በሥራዬ ላይ ስንት ጊዜ እንዲህ ያለ ሪፖርት ጽፌ ይሆን ብዬ ራሴን መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ምሽት ወዲህ ነው።

ለሙያዬ የሚቀርበው የወጪ ንግድ ቁጥጥር ኮርስ ነበር፤ ብዙ የጠበቅሁትም ከእሱ ነው። መነሻው መልካም ነው። የኒውክሌር ቴክኖሎጂ በድብቅ ይሸጥ በነበረው በፓኪስታናዊው ሳይንቲስት በአብዱል ቃዲር ካን መረብ አማካይነት በማሌዥያ የተመረቱ የሴንትሪፉጅ ክፍሎች በዱባይ በኩል አልፈው ወደ ሊቢያ ሲጓዙ፣ ቢቢሲ ቻይና የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2003 ወደ ጣሊያን ወደብ እንድትዞር ተደርጋ ጭነቱ መያዙን፣ ሊቢያም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የኒውክሌር መሣሪያ ፕሮግራሟን መተዋን እናነባለን። ከዚያ በኋላ በኤፕሪል 2004 የጸጥታው ምክር ቤት ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 1540 እያንዳንዱ መንግሥት እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን የሚቆጣጠር ሕግና አሠራር እንዲኖረው ለምን እንዳስገደደ ግልጽ ይሆናል። ልምምዱም ደህና ነበር። ሰባት የጭነት ሰነዶች ተሰጡን፤ ከእነሱ አንዱ ለወተት ማቀነባበሪያ ተብሎ የተገዛ፣ ለዩራኒየም ማበልጸጊያም ሊውል የሚችል የቫኩም ፓምፕ ነበር። ገዢው ዋጋ ሳይከራከር ሙሉውን ቀድሞ ከፍሏል፤ ገጠማም ሥልጠናም አልፈልግም ብሏል፤ በዲክላራሲዮኑ ላይ ተቀባይ ሆኖ የተመዘገበው ደግሞ ፋብሪካ ሳይሆን ትራንዚተር ነው። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ምንም አይደለም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ፓምፑ ከመጫኑ በፊት ስልክ ማንሣት ግድ ይላል።

ቅሬታዬ እነዚያን ሰባት ሰነዶች እንድናጠና ሳምንት ሙሉ መሰጠቱ ላይ ነው። በፍተሻ ጣቢያ ላይ የሚቆም ሰው ለአንድ ሰነድ ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ ከኋላው ተሰልፎ የሚጠብቅ ነጋዴ አለ፤ የሚቆረጥ ቅጣት አለ፤ አለቃውም ጭነቱ ለምን እንደዘገየ ይጠይቀዋል። መምህሩ ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ኮንቴይነር ሲከፈት አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው ግን አይመስለኝም። ይህን በትሕትና ባነሣሁለት ጊዜ በቀጣዩ ሳምንት ልምምዱን በሃያ ደቂቃ ገደብ ደግሞ እንድንሠራው አደረገ፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ግን የቀድሞው አሠራር እንዳልተለወጠ ሰምቻለሁ።

የስምምነቶቹ ኮርስ የሚጠበቅበትን ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1970 በሥራ ላይ የዋለው የኒውክሌር ጦር መሣሪያ አለመስፋፋት ስምምነትና በ1997 በሥራ ላይ የዋለው የኬሚካል መሣሪያዎች ክልከላ ስምምነት አንቀጽ በአንቀጽ ይነበባሉ፤ የኋለኛው አባል አገሮች ይዘናል ብለው ያስመዘገቡት ከ72,000 ቶን በላይ ክምችት በጁላይ 2023 ተወግዶ እስኪያልቅ ያለፈበት ሂደትም በሚገባ ይተነተናል። ከራዲዮሎጂው ክፍል የጎያኒያውን ጉዳይ መርጠው ማቅረባቸው ብልህነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ከተተወ ክሊኒክ የተወሰደ፣ ሲዚየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የያዘ መያዣ በቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ግቢ ተከፈተ፤ አራት ሰዎች ሞቱ፤ 249 ሰዎች ተበክለው ሲገኙ፣ ለምርመራ የቀረበው ሕዝብ ግን 112,000 ገደማ ነበር። ሐኪሙ የክፍል ጓደኛችን በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት እያሳየ፣ ሆስፒታል የሚዘጋጀው ለታመሙት ብቻ ሳይሆን ለሚፈሩትም መሆን እንዳለበት ያስረዳበት ሰዓት ከየትኛውም የመምህር ገለጻ አይተናነስም።

በታሪኩ ኮርስ ላይ ግን አዝኛለሁ። ትረካው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መርዝ ጋዝ ከተለቀቀበት ከኢፕር ሜዳ ተነሥቶ፣ ኬሚካልና ባዮሎጂ መሣሪያን በጦርነት መጠቀም የከለከለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ጠቅሶ፣ በአንድ ዝላይ የኢራቅ መንግሥት በ1988 በኬሚካል ወደ መታት የኩርዶች ከተማ ወደ ሃላብጃ ይሻገራል። ፕሮቶኮሉን በ1928 ያጸደቀችው ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 እና በ1936 በኢትዮጵያ ወታደሮችና ሰላማዊ ሰዎች ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ማዝነቧ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ይህንኑ መናገራቸው በንባቡ ውስጥ ያገኘው ቦታ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን የማነሣው የማን ሥቃይ ይበልጣል ለማለት አይደለም። ፈርሞ ያጸደቀ መንግሥት ሕጉን ጥሶ ሳይቀጣ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የጣሊያን መንግሥት ድርጊቱን በይፋ ያመነው በ1996 መሆኑም ማስረጃ ተቀብሮ ስንት ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ያሳያል፤ ይህ ደግሞ ትምህርቱ ራሱ የቆመበት ጥያቄ ነው።

ትልቁ ጉድለት ያለው በባዮሎጂው ክፍል ነው። የባዮሎጂ መሣሪያዎች ክልከላ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1975 በሥራ ላይ ሲውል አገሮች ቃላቸውን መጠበቃቸውን የሚያረጋግጥ ሥርዓት አልነበረውም፤ ያን ለመጨመር የተደረገው ድርድር በ2001 ከሸፈ፤ እስከ ዛሬም የኬሚካል መሣሪያዎችን ክልከላ እንደሚቆጣጠረው፣ መቀመጫው በኔዘርላንድስ ሄግ እንደሆነው ድርጅት ያለ የራሱ የፍተሻ አካል የለውም። ሕጉ በሳሳበት ቦታ የባለሙያው ዕውቀት ሊበረታ ሲገባው፣ እኛ በትእዛዝ ሰው ሠራሽ ዘረ መል ስለሚያመርቱ ኩባንያዎችና አደገኛ ትእዛዝ ስለሚያጣሩበት መንገድ የተማርነው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። በ2001 በአሜሪካ በደብዳቤ ተልኮ አምስት ሰዎችን የገደለው አባ ሰንጋም በግማሽ ሰዓት ታለፈ። የወንጀል መርማሪዎቹ ምንጩን ለይተናል ካሉ በኋላ፣ በ2011 የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ ያቋቋመው ኮሚቴ ሳይንሳዊው ማስረጃ ብቻውን ለእርግጠኛ ድምዳሜ እንደማይበቃ ገልጿል። ስቨርድሎቭስክን ያን ያህል በጥልቀት ያስተማረ ክፍል ይህን ሳያነሣ ማለፉ እስካሁን ያስቆጨኛል።

ስለ አገልግሎቱ በአጭሩ ልናገር። የሳምንቱ ንባብ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ገጽ በላይ ነው፤ ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው ሌሊቱን ካልተሻማ አይዘልቀውም። ንባቡ በሙሉ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ ምንጮች የተውጣጣ በመሆኑ በምሥጢር ሰነድ የሚሠሩትም የማይሠሩትም እኩል ይወያያሉ፤ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። የቀጥታ ውይይቶቹ ተቀድተው ስለሚቀመጡ በሥራ ምክንያት ያመለጠው ሰው አይቀርበትም። የመመረቂያ ጽሑፍ ምክር ግን ደካማ ነበር። የመጀመሪያው አማካሪዬ በመካከል ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ ተተኪ እስኪመደብልኝ ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አዲሱ አማካሪም የጥናቱን ጥያቄ እንድለውጥ ስለጠየቁኝ ሁለት ምዕራፍ ጥዬ እንደገና ጻፍሁ። አስተዳደሩ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ የክፍያ ማራዘሚያ ግን አልሰጠኝም።

ይህን ትምህርት የምመክረው ቢያንስ አራት አምስት ዓመት በሥራ ላይ ለቆየና ከሥራው የመጣ፣ እንቅልፍ የሚነሣው ጥያቄ ለያዘ ሰው ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ የመጡት ሁለት የክፍል ጓደኞቻችን ብርቱ አንባቢዎች ቢሆኑም፣ ልምምዶቹ የሚጠይቁት የሥራ ትዝታ ስላልነበራቸው ብዙ ጊዜ ተመልካች ሆነው ቀርተዋል። ትኩረቱ ባዮሎጂ የሆነ ባለሙያ ለዚያ ዘርፍ ብቻ የተከፈተ ፕሮግራም ቢፈልግ ይሻለዋል። ለመመዝገብ የወሰነ ሰው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ የባዮሎጂው ኮርስ የንባብ ዝርዝር መጨረሻ የታደሰው መቼ ነው? ከመምህራኑ መካከል በፍተሻ፣ በቤተ ሙከራ ወይም በአደጋ ምላሽ ላይ የሠሩት እነማን ናቸው? አማካሪው ቢለቅ ተተኪው በስንት ቀን ይመደባል? ለእኔ ሦስተኛውን አለመጠየቄ አንድ ተጨማሪ ሴሚስተር አስከፍሎኛል።