ማስጠንቀቂያ፦ «አይፈታም» ተብሎ የሚሸጥ ሉገር

ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ፣ ቀለሙም የታደሰ የእ.ኤ.አ. 1917 ሉገር፣ ማለትም የጀርመን ጦር ሽጉጥ፣ «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ተብዬ ገዛሁ። ገንዘቡ አይመለስም ተብሏል። ሻጩ ነገ በዚያው አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሌላ ሽጉጥ ዘርግቶ ያንኑ ቃል ይደግመዋል። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ከዚህ በታች የምለው ግን ሁሉም ብረቱ ላይ የተጻፈ ነው፤ ማንም አጉሊ መነጽር ይዞ ሊያየው ይችላል።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ነጭ ጓንት፣ የተወለወለ የእንጨት ሳጥን፣ ከጦር ሜዳ ይዞት ስለመጣው ሟች መኮንን የሚተረክ ረጅም ታሪክ። ሽጉጡን በሁለት እጁ ያቀርባል፤ ከውጭ የሚታዩትን ቁጥሮች በጣቱ እየነካ ያነባል። ዋናው አካል ላይ፣ የጎን ክዳኑ ላይ፣ መፍቻው (ሽጉጡ የሚፈታበት ትንሽ ምላስ) ላይ፣ የኋላው ማጠፊያ (ከላይ ተጣጥፎ የሚከፈተው ክፍል) ላይ ሁሉም በ62 ያልቃሉ፤ ክፍሎቹ የአንድ ሽጉጥ ከሆኑ ቁጥራቸው መግጠም አለበትና። «እስቲ ይፈታ» ሲባል ግን ፊቱ ይለዋወጣል፦ «መቶ ዓመት ያለፈው ብረት ነው። እኔ መፍታት አልችልበትም፤ ቢሰበር ማን ይከፍላል?»

ደረሰኙ ከተፈረመ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ሽጉጡን ሳጥኑ ውስጥ ሊያስገባ ሲል በርሜሉ ውስጥ የተጠቀጠቀው ወፍራም ቅባት ጓንቱን ነካበት። ጓንቱን አወለቀ። የአፈሙዙን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ በርሜሉን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋው፤ መፍቻውን በአውራ ጣቱ ሩብ ዙር ወደ ታች አዞረው፤ የጎን ክዳኑን በጥፍሩ አነሳ፤ የላይኛውን ክፍል ወደ ፊት ስቦ አወጣና ቅባቱን መጥረግ ጀመረ። እጁን እንኳ አላየም፤ ከረዳቱ ጋር ስለ ሌላ ደንበኛ እያወራ ነበር። «መፍታት አልችልበትም» ያለው ያ ሰው ነው። ብዙ ሉገር ፈትቶ የገጠመ እጅ ካልሆነ በቀር እንዲህ አይፈታም። ውስጡ ያለውን ያውቅ ነበር፤ ገንዘቡ እስኪቆጠር ድረስ ብቻ እንዳይታይ ፈለገ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መታለፍ የለበትም። ካዝናውን ሳያወጣ፣ ማጠፊያውን ስቦ የጥይት ማስገቢያውን ሳያይ ነው የፈታው። ሉገር ከሌሎች ሽጉጦች የሚለይበት አደገኛ ጠባይ አለው፦ መርፌውን ይዞ የሚያቆየው ዘንግ የሚገኘው በላይኛው ክፍል ግራ ጎን ነው። ስለዚህ ጥይት ከጎረሰ፣ በርሜሉ ከእጀታው ተለይቶ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንኳ ያ ዘንግ ከተነካ ይተኩሳል። ይህን የማያውቅ ሰው ሉገር ሊሸጥ አይገባውም፤ እያወቀ ያደረገው ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ክዳኑ ሲነሳ የተጋለጠው ያ ዘንግ 81 ይላል። የመዝጊያው አካልም 81 ነው። የፊተኛው ማጠፊያ ከሥሩ 62 ተብሎ ተመትቶበታል፤ ነገር ግን ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል። አሮጌው ቁጥር በሞረድ ሲፋቅ ብረቱም አብሮ ስለሚሄድ፣ ብርሃን ከጎን ሲበራበት ጉድጓዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጎን ክዳኑ ላይ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከ2 ቁጥሩ ሥር የሌላ ቁጥር እግር ቀርቷል። የ6 ቁጥሩ ራስ በዋናው አካል ላይ የተጠማዘዘ ነው፤ ክዳኑ ላይ ያለው ቀጥ ያለ ነው። አንድ ፋብሪካ በአንድ መምቻ የመታው ቁጥር እንዲህ አይለያይም።

ከሁሉም የከፋው ፊደሉ ነው። የጀርመን ጦር ሉገሮች ቁጥር እስከ 10,000 ይደርስና እንደገና ከ1 ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በቁጥሩ ሥር ትንሽ የእጅ ጽሑፍ ፊደል ይጨመራል፤ በየዓመቱም ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ፊደሉ ከተለያየ ሽጉጡም የተለያየ ነው። እዚህ ዋናው አካል ፊት ላይ ፊደል አለ፤ በርሜሉ ሥር ያለው ቁጥር ግን ፊደል የለውም። በርሜሉና ማራዘሚያው (በርሜሉ የሚገጠምበት የላይኛው ክፍል) በሚገናኙበት ቦታ በሁለቱም ላይ የተጫረው የመገጣጠሚያ ምልክትም አይገጥምም፤ ግማሹ አንድ ቦታ፣ ሌላው ግማሽ ፈንጠር ብሎ ነው። በርሜሉ ተቀይሯል ማለት ነው። በዚያው በርሜል ሥር የውስጡ ስፋት በሚሊሜትር፣ ለምሳሌ 8,83 ተብሎ ይመታል፤ ይሄኛው ላይ በማለስለሻው ተበልቶ ጥላው ብቻ ቀርቷል።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ ማጭበርበሩ ይበልጥ ያናድዳል፤ ምክንያቱም ይህን ያደረገው ሰው ነገሩን ያውቃል። በ1917 የበርሊኑ ዲ ደብሊው ኤም ፋብሪካ ብረቱን የሚያጠቁረው በስሱ እያዛገ፣ እያፈላና እየቦረሸ ደጋግሞ በማለፍ ነበር። ምላጩ፣ መፍቻው፣ የሴፍቲው ምላስ፣ የካዝናው መልቀቂያና ቀለህ መወርወሪያው ደግሞ በእሳት ሙቀት የገለባ ቀለም ይይዛሉ። በጨው ውህድ ውስጥ ቀቅሎ ሁሉንም ክፍል አንድ ዓይነት ማጥቆር የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በኋላ ሉገርን ይሠራ የነበረው የማውዘር ፋብሪካ ወደዚያ የዞረው በ1937 ነው። ይህ ሽጉጥ በሙሉ ጨው ውስጥ ተነክሯል። ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚታዩት አራት ትናንሽ ክፍሎች እንደገና ተሞቀው ቢጫ እንዲሆኑ ተደርገዋል፤ ያውም ገለባ ሳይሆን ወደ ብርቱካን የሚያደላ ደማቅ ቢጫ። ማጠፊያው ካልተከፈተ የማይታየው መወርወሪያ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። እዚያ ድረስ ማን ያያል ብሎ!

የማለስለሻ ጎማው ያለፈበት ቦታም ራሱን ያጋልጣል። የሉገር ጠርዝ ስለት ያህል የቀና ነው፤ እዚህ ግን ተድበልብሏል። የፒኖቹ ቀዳዳዎች አፋቸው ወደ ውስጥ ሰርጎ ሳህን መስሏል። ማጠፊያው ላይ ያለው የፋብሪካው የተጠላለፈ ፊደል ጅማቱ ቀጥኗል። እጀታው ተፈትቶ ሲወጣ ደግሞ ከእንጨቱ ሥር ዝገት የቆፈራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ጉድጓዶቹም ራሳቸው እስከ ታች ድረስ ጥቁር ናቸው። ቀለሙ የመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ዝገቱ ቀለሙን በልቶት ነበር እንጂ ቀለሙ ዝገቱን ባልሸፈነው።

ያ ሁሉ ቅባት በርሜሉ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበረም ታወቀ። የዚያ ዘመን ጥይት ሲቀጣጠል ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ ቶሎ በውኃ ካልታጠበ በርሜሉን ይበላዋል፤ ዘይት ብቻ አያድነውም። ቅባቱ ሲጠረግ ጥምዝ መስመሮቹ ጠርዛቸው ጠፍቶ፣ በመካከላቸው ጥቁር ጉድጓድ ተደርድሮ ተገኘ።

ካዝናው የአሉሚኒየም መሠረት አለው። የ1917 ካዝና መሠረቱ እንጨት ነው፤ ከሽጉጡ ጋር የወጣ ከሆነም ሙሉ ቁጥሩና ፊደሉ ይመታበታል። እጀታዎቹም በውስጥ በኩል ሁለት አኃዝ ሊኖራቸው ሲገባ ባዶ ናቸው።

81ን ሲያይ ሻጩ ያለው፦ «የጦር ሜዳ ጠጋኝ የቀየረው ነው፤ ይህ እንዲያውም ታሪክ ይጨምርለታል።» ይህ ውሸት መልስ ይገባዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የተጠገኑ ሉገሮች በእርግጥ አሉ፤ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ዓመት ሌላ 1920 የሚል ማህተም ይዘዋል፤ ሰብሳቢዎችም ያከብሯቸዋል። ነገር ግን የግምጃ ቤት ጠጋኝ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ከውጭ የሚታየውን ብቻ እየመረጠ ቁጥር የሚያስተካክል፣ የሚሸጥበትን ጠረጴዛ የሚያስብ ሰው ነው። ይህ ሲነገረው አጉሊ መነጽሩን አልተቀበለም። ደረሰኙን አዙሮ «ባለበት ሁኔታ» የሚለውን ቃል በብዕሩ ጫፍ መታ መታ አደረገና «ማንበብ ትችላለህ አይደል?» አለ። ረዳቱ ሳቀ። ሽጉጡን ገጣጥሞ ሳጥኑን ወደ ጠረጴዛው ዳር በእጁ ጀርባ ገፋው።

«አንቲክ ስለሆነ ወረቀት አያስፈልገውም» የሚለውም አባባሉ ሰው ያሳስራል። ለምሳሌ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንቲክ የሚባለው እስከ 1898 የተሠራ መሣሪያ ነው፤ የጀርመን ጦር ሉገርን ፒ 08 ብሎ የተቀበለው ደግሞ በ1908 ነው። እዚያ የትኛውም ፒ 08 በዚህ ስም አያልፍም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ቁጥሩ የተደባለቀ ሉገር በሰብሳቢዎች ዘንድ ከተሟላው ግማሽ ያህል ቢያወጣ ነው። ቀለሙ ከታደሰ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ተፍቆ ከተመታ ደግሞ መለዋወጫ ከመሆን አያልፍም፤ በግልጽ ከተደባለቀውም ያነሰ ነው፣ ምክንያቱም የትኛው ክፍል የማን እንደነበረ የሚናገረው ማስረጃ ጠፍቷል። ይህ ጉዳት አይጠገንም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው፤ 81 የነበረው ሽጉጥም 62 የነበረውም ሁለቱም ጠፍተዋል።

የምትገዙ፣ ሻጩ ካልፈታው አትክፈሉ። መፍታቱ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ብረቱንም አይጎዳም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ትንሽ ባትሪ በቂ ናቸው። ደረሰኙ ላይ «ቁጥሩ ከእነ ፊደሉ ሙሉ ነው፣ ቀለሙ የፋብሪካው ነው» ተብሎ በእጁ ይጻፍ። ከመፈታቱ በፊት ግን ካዝናው ይውጣ፤ ማጠፊያው ተስቦ የጥይት ማስገቢያው በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ።